ኮርቻ ሠሪው የሠሯት ጎሚኒ

እስቲ ልጠይቃችሁ። ሰው መኪና ሲገዛ መጀመሪያ የሚያየው ምኗን ነው? ቀለሟን ነዋ! ፍሬኗን ማን ያያል? እኔም አላየሁም።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። አስተማሪ ነበርኩ። አብሮኝ የሚያስተምር እንግሊዛዊ ወደ አገሩ ሲመለስ አረንጓዴ መኪናውን ለቀቀልኝ። ባለ ሁለት ወንበር፣ ጣራ የለሽ፣ ለእሽቅድምድም የተሠራች። ስታምር! ችግሯ ማጠሯ ነው። የካ ውስጥ ስነዳት ባለ በቅሎው ሁሉ ቁልቁል እያየ ነው ሰላም የሚለኝ።

አንድ ቀን ፍሬን ብረግጥ እግሬ ሰተት ብሎ ወለሉ ላይ አረፈ። መኪናዋ ግን መንገዷን ቀጠለች። ያቆመኝ የጎረቤቴ የጭድ ክምር ነው።

መካኒኩ ወልዴ ፈታታና ከፍሬኑ ፖምፓ ውስጥ አንዲት የጎማ ቆብ አወጣ። ጎሚኒ ይሏታል። ከጠርሙስ ክዳን አትበልጥም። ዘይቱን ገፍታ ጎማዎቹን የምታሲዘው እሷ ናት አለኝ። ጠርዟ ተበልቷል። ይህች ከሌለች መኪናህ ጋሪ ናት ሲል ጨመረልኝ። ጋሪስ ቢሆን ፈረሱ ያቆመው የለ?

ከተማውን አካለልኩ። የጣሊያን መኪና ጎሚኒ እንደ ልብ ነው፤ የእንግሊዝ ግን የለም። ለፋብሪካው ጻፍኩ። ዕቃው እስከ ጅቡቲ በመርከብ፣ ከዚያ በባቡር እስኪደርስ ስድስት ወር ፈጀ። እስከዚያው ዶሯችን የሹፌሩን ወንበር ወርሳ እንቁላል ትጥልበት ጀመር። ጥቅሉ ሲደርስ እየተቻኮልኩ ፈታሁት። ወልዴ ጎሚኒዋን ከአሮጌዋ ጋር ለካት። የገብስ ፍሬ ያህል ትጠባለች። ለመኪናዬ ታናሽ እህት የተሠራች ናት! ሌላ ስድስት ወር ልጠብቅ?

ወልዴ ራሱን አከከ። በጣሊያን ጊዜ የጭነት ካሚዮን ላይ ከቆዳ የተሠራ ጎሚኒ አይቻለሁ አለ። እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ሥር አባባ ቶላ የሚባሉ ኮርቻ ሠሪ አሉ፤ እሳቸውን ሞክር ብሎ ሰደደኝ። ሳቄ መጣ። ለእንግሊዝ መኪና ኮርቻ ሠሪ? በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚባለው ለእንደኔ ዓይነቱ ነው።

ፖምፓውን በጨርቅ ጠቅልዬ በእግሬ ወጣሁ። አባባ ቶላ መኪና ላይ ተሳፍረው አያውቁም። የተበላችውን ጎሚኒ በሁለት ጣታቸው ያዙ፣ አሸተቱ፣ ፖምፓው ውስጥ ከተው ገፋ ገፋ አደረጓት። ሥራዋ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። እጄን እያወናጨፍኩ ብዙ አስረዳሁ።

«አሃ» አሉ፣ «እየገፋች ማፈን ነዋ።»

በቃ። እኔ በግማሽ ሰዓት ያልጨረስኩትን!

ከበሬ ቆዳ ከጀርባው በኩል ቁራጭ መረጡና ለብ ባለ የጉሎ ዘይት ነከሩት። በሦስተኛው ቀን ስመለስ ከወይራ እንጨት በጠረቡት ቅርጽ ላይ ቆብ ሆኖ ጠብቋል። ጠርዙን በካራ ሲያሳሱት ትንፋሼን ይዤ አየሁ። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳሳ፤ አልተቀደደም። ጉሎውን ስነግረው ወልዴ ክው አለ። ለካ ፈረንጆቹም የፍሬን ዘይት ከጉሎ ይሠራሉ። ለአባባ ቶላ ማን ነገራቸው? ማንም።

ስለያቸው ግን አንድ ነገር አጥብቀው አሳሰቡኝ። «አስገጥመህ ወደ እኔ አምጣት። አዲስ ኮርቻ ላይ መጀመሪያ የሚቀመጠው ሠሪው ነው። ቢበጠስ ሌላ ሰው መውደቅ የለበትም።»

ምን ዓይነት ሰው ነው እንዲህ የሚለው?

ወልዴ ገጠማት። ሜዳ ላይ ስሞክራት ያዘች። ቀስ ብዬ ሽቅብ ነዳሁ። አባባ ቶላ ጋቢያቸውን አጣፉ፣ አማተቡ፣ አጠገቤ ተቀመጡ። ቁልቁለቱን ጀመርን። ረገጥኩ፤ ያዘች። ደግሜ ረገጥኩ፤ ያዘች። ደስታ ነፋኝና ለቀቅ አደረግኳት። ኩርባውን ስንታጠፍ እንጨት የተጫኑ ስድስት አህዮች መንገዱን ሞልተውታል! ባለኝ ኃይል ረገጥኩ። ጎማው ጮኸ። ከዚያ ጸጥ አለ። ፊተኛዋ አህያ የሞተሩ ክዳን ላይ ትተነፍሳለች።

እጄ መሪውን አልለቅ አለ። የጠርሙስ ክዳን የምታህል ቆዳ ሁለት ነፍስና ስድስት አህያ አዳነች! ሽማግሌውን ቀና ብዬ ለማየት እንኳ አፈርኩ።

እሳቸው ወረዱ። ጎንበስ ብለው ዘይት ያንጠባጥብ እንደሆነ አዩ። ጠብታ የለም። በትራቸውን አንስተው ያንን ሁሉ ዳገት በእግራቸው ተያያዙት።

«አባባ፣ ወዴት ነው? ላድርስዎት እንጂ! ጎሚኒዋን አላመኗትም እንዴ?»

«እሷንማ አምናታለሁ፤ የእጄ ሥራ ናት» አሉ ዞር ብለው። «ያላመንኩት አንተን ነው። አህዮቹን ስታይ ዓይንህን ጨፈንክ። አህዮቹ እንኳ፣ ልጄ፣ አልጨፈኑም።»