ድስት ይዘን ቤተ መንግሥት

በየሕንፃው የሰውን ሆድ እንደ ርስቱ የሚቆጥር አንድ ሰው አይጠፋም። ደረጃ ላይ ሲያገኛችሁ ሰላምታው «በልተሃል?» ነው። አዎ ብትሉ አያምናችሁም፤ አይ ብትሉ አለቀላችሁ። ሊዝቦን ውስጥ እኔ በምኖርበት ሕንፃ ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት የሁለተኛ ፎቋ ክብርት ዶና ዙልሚራ ናቸው።

እኔ ከእሳቸው በላይ ያለው ፎቅ ላይ ብቻዬን ስለምኖር፣ በረሃብ ሊሞቱ ከተቃረቡት ጋር ነው የሚመድቡኝ። አንድ ቀን ምግብ ቤት በልቼ መጣሁ ብላቸው «እሱንም በላሁ ትላለህ እንዴ፣ ልጄ?» ብለው በር ላይ ሾርባ አስጨበጡኝ። ጠጣሁት፤ ምን ምርጫ አለኝ!

ባለፈው ክረምት ግን ባለቤታቸው ሴኞር አቢሊዮ ሆዳቸውን ኦፕራሲዮን ሆኑ። ቁስሉ ዳነ፤ የምግብ ፍላጎታቸው ግን አልተመለሰም። ሱሪያቸው በቀበቶ ልመና ነው ወገባቸው ላይ የሚውለው። ሐኪሙም «ካልበሉ መልሰን እናስተኛዎታለን» ብሏቸዋል። ሰፈር ሙሉ ያጠገቡት ሴት የገዛ ባላቸውን ማብላት አቃታቸው።

«አየር ይለውጥ» አሉና፣ በወይን ለቀማው ሰሞን ለሁለት ቀን ከከተማው አቅራቢያ ወዳለው ሲንትራ ተራራ እንድወስዳቸው አዘዙኝ።

የመጀመሪያውን ቀን ተራራው ጫካ ውስጥ ዋልን። ጭጋጉ ከዛፎቹ አልላቀቅ ብሎ፣ ቅጠሉ ሁሉ ይንጠባጠባል። ሴኞር አቢሊዮ ቆመው የእርጥቡን አፈር ሽታ ወደ ውስጥ ሳቡ።

«እንዴት ደስ ይላል!» አሉ።

ዶና ዙልሚራ ከካፖርታቸው ኪስ የተጠበሰ የባካልያው ዓሣ ብቅ አደረጉ። «እንግዲያው ጉረስ።»

«ጠግቤያለሁ።»

«በምን? በጭጋጉ?»

በማግስቱ ጠዋት ዶና ዙልሚራ ያደርንበትን ቤት ወጥ ቤት ወረሩት። ባለቤቷን «አንቺ ትንሽ እረፊ» ብለው አስወጥተው የዶሮ ሩዝ ሠሩ። ድስቱን እስከ ምሳ እንዳይቀዘቅዝ እንደ እናቶቻችን በጋዜጣ ጠቀለሉት፤ በላዩ ብርድ ልብስ ደረቡለትና ደረታቸው ላይ አቀፉት፤ የድሮ ነገሥታት ይኖሩበት የነበረውን ቤተ መንግሥት ልንጎበኝ ሄድን።

የቤተ መንግሥቱ ሰልፍ ተራራውን ዞሮታል። ዘበኛው ብርድ ልብሱን አየና «ሕፃን የያዙ በዚህ በኩል!» ብሎ ጮኸ። እኛ ፖርቱጋሎች ዘንድ ሕፃን የያዘ ሰው ቅድሚያ አለው። እኔ ላስተባብል አፌን ስከፍት ዶና ዙልሚራ እግሬን ረገጡኝ።

«አልዋሸሁም» አሉኝ ከገባን በኋላ፤ «ሰውየው መች ጠየቀኝ?»

በነገሥታቱ መኝታ ቤት አንዲት አሮጊት ጠጋ ብለው «ስንት ጊዜው ነው?» አሏቸው።

«ዛሬ ጠዋት ነው።»

«ውይ! ወዲያው ይዘውት ወጡ?»

«ምን ላድርግ እቴ፣ ለምሳ መድረስ አለበት።»

አሮጊቷ አማተቡ። እኔ ላቤ እየተንቆረቆረ ጣሪያውን ማድነቅ ጀመርኩ።

አትክልት ቦታው ውስጥ ድስቱ ሲከፈት፣ ሽታው ያንኑ ዘበኛ ጠራብን።

«እናቴ፣ እዚህ መብላት ክልክል ነው። ደግሞስ ሕፃኑ የታለ?»

«ማን በላ? አንተ ገና አልቀመስክ! ና ጭኑን ላውጣልህ።»

ዘበኛው ከቁጥቋጦ ጀርባ ቆሞ በላ። ሴኞር አቢሊዮ ግን ሁለት ማንኪያ ቀምሰው ሳህናቸውን አስቀመጡ። ዶና ዙልሚራ ጆሮዬ ላይ «ሌላው ሲበላ ካየ ይከጅላል» አሉና መንገደኛውን ሁሉ መጥራት ጀመሩ፤ አትክልተኛውን፣ ሁለት ሙሽሮችን፣ ያማተቡትን አሮጊት ጭምር። ድስቱ ተፋቀ። ሴኞር አቢሊዮ ለሁሉም ፈገግ አሉ፤ አንዲት ማንኪያ ግን አልጠየቁም። ወደ መኪናው ስንመለስ ዶና ዙልሚራ ድስቱን እንደገና በብርድ ልብሱ ጠቅልለው አቀፉት።

ከዚያ ኮላሬስ ወረድን፣ ባሕሩ ዳር አሸዋ ላይ ወይን ከሚያበቅሉት ዘንድ። ለቃሚዎቹ ረጅም ጠረጴዛ ከበው የዘገየ ምሳቸውን ይበላሉ። የመጥመቂያው ባለቤት ዴልፊና ወይን ጠጅ ቀዳችልንና ባልዲ አሳየችን፤ የወይን ቅምሻ ደንቡ ቀምሶ መትፋት ነው አለች።

«ሠሪዋ ፊት? የለፋሽበትን ልትፋብሽ?» ብለው ዶና ዙልሚራ ጭልጥ አደረጉት። ሴኞር አቢሊዮም ዋጡ፤ ጥቂት ቆይተው አንገታቸውን ወደ ለቃሚዎቹ ጠረጴዛ መለስ አደረጉ።

«ዙልሚራ።»

«ወይ?»

«ራበኝ።»

ዶና ዙልሚራ ድስቱን ከፈቱ፤ ባዶ ነው። ቦርሳቸውን በረበሩ፤ ካፖርታቸውን በረበሩ፤ ፍርፋሪ ብቻ።

«ለዘበኛ ሰጠሁት!» አሉ፤ «ስለምነው ከርሜ፣ ዛሬ ሲርበው ባዶ እጄን!» የወይን ሣጥን ላይ ዘጭ ብለው አለቀሱ።

ዴልፊና አንድም ነገር አልጠየቀች። ከለቃሚዎቹ ድስት የባቄላና የጎመን ሾርባ ከዳቦ ጋር አመጣች። ሴኞር አቢሊዮ አቀርቅረው በሉ። ሳህኑን በዳቦ ጠረጉና ቀና ብለው «ካለ ይጨመርልኝ» አሉ። እኔ ፊቴን ወደ ባሕሩ አዞርኩ። ተመስገን አልኩ፣ ደግሜ ደጋግሜ።

ዶና ዙልሚራ የዴልፊናን እጅ ይዘው «እግዜር ይስጥሽ ልጄ፣ እግዜር ይስጥሽ» አሉ። ዴልፊና ለእሳቸውም ጎድጓዳ ሳህን አስቀመጠችላቸው። ይህን ሁሉ ዓመት ጎረቤታቸው ሆኜ፣ ሌላ ሰው ያቀረበው ገበታ ላይ ተቀምጠው አይቼ አላውቅም። የሚያነሱት፣ የሚያማስሉት፣ የሚጨልፉት ነገር ፈለጉ፤ አጡ።

«ይብሉ እንጂ፣ ይቀዘቅዛል» አልኳቸው።

ማንኪያውን አነሱና እንባቸውን ሳይጠርጉ በሉ።