የሳህኑ ድንበር

ዶን ኤላዲዮ፦ በኮምፓስ ነው የሳልሽው!

ዮካስታ፦ ኮምፓስ እኮ የለንም፣ ጌታዬ።

ዶን ኤላዲዮ፦ እንግዲያው በብርጭቆ ቂጥ! ክብ በክብ ውስጥ፣ እንደገና ክብ። እንዲህ ያለ ነገር በራሱ ይመጣል?

[ዶን ኤላዲዮ በድንበር ከተማዋ በዳሃቦን የአንድ ክሊኒክ ዳይሬክተር ነው። ወንዙን ሲሻገሩ ሄይቲ ይገኛል፤ በእሱ ካርታ ግን ከወንዙ ማዶ ገደል ነው። ዮካስታ የላቦራቶሪው ሐኪም ናት። በመካከላቸው ባክቴሪያ የሚያበቅል ጄሊ የረጋበት፣ ክዳን ያለው ክብ የመስታወት ሳህን ተቀምጧል።]

ዮካስታ፦ ባክቴሪያዎቹ ናቸው የሠሩት። ሲበዙ ተያይዘው ይወጣሉ፣ ትንሽ ሄደው ይቆማሉ። እዚያው ይራቡና ደግሞ ይነሣሉ። በቆሙበት ሁሉ ክብ ይቀራል።

ዶን ኤላዲዮ፦ ቁም፣ ተነሣ የሚላቸው ማነው?

ዮካስታ፦ ማንም።

ዶን ኤላዲዮ፦ አለቃ የላቸውም?

ዮካስታ፦ የላቸውም።

ዶን ኤላዲዮ፦ ታዲያ ሥራው እንዴት ያልቃል?

ዮካስታ፦ ምናልባት ስለሌለ ይሆናል።

ዶን ኤላዲዮ፦ ምን አልሽ?

ዮካስታ፦ ይኖር ይሆናል፣ ለኔ አልታየኝም ይሆናል አልኩ።

ዶን ኤላዲዮ፦ አንቺ መቼ ታይቶሽ ያውቃል! በይ ወደ ቁም ነገሩ። ቀዶ ሕክምና ያደረግንላቸው በሽተኞች ቁስላቸው አመርቅዟል። ያመጣችባቸው ደግሞ ኢልፋኒ ናት፣ ያቺ የማዶዋ የጽዳት ሠራተኛ። ወደ አገሯ የሚወስዳት መኪና በር ላይ ቆሟል። ሾፌሩ ምሳው እየቀዘቀዘበት ነው፤ እሺ በይና እንገላገል።

ዮካስታ፦ መጀመሪያ ሳህኑን ይዩልኝ። መሐል ያለው ከአንዱ በሽተኛ ቁስል የተወሰደ ነው። በስተቀኝ ያለው ከኢልፋኒ እጅ።

ዶን ኤላዲዮ፦ በመሐላቸው ያለው ጭረት ምንድነው?

ዮካስታ፦ ሁለቱ መንጋዎች ተገናኝተው የቆሙበት ነው። አልተቀላቀሉም።

[ዶን ኤላዲዮ ብድግ አለ። በዕድሜው ሙሉ ሲሰብክ የኖረውን ዛሬ ጀርም አረጋገጠለት።]

ዶን ኤላዲዮ፦ ድንበር! ዓይን የሌለው ፍጥረት እንኳ ድንበር ያውቃል! የኛዎቹ ደርሰው «ወዴት ወዴት!» አሏቸው!

ዮካስታ፦ የኛዎቹ? የቁስሉ መግል የኛ ሆነ?

ዶን ኤላዲዮ፦ የአገር መግል ነው!

ዮካስታ፦ ታዲያ ጥፋተኛዋ ኢልፋኒ ናት?

ዶን ኤላዲዮ፦ ጭረቱ መሰከረባት እኮ!

ዮካስታ፦ እሺ። እኔ ቶሎ አይገባኝም፣ ይታገሡኝ። በስተግራ ያለው ግን ጭረት የለውም።

ዶን ኤላዲዮ፦ ለምን ይኖረዋል? ዘመድ ከዘመድ ሲገናኝ አጥር ያጥራል? እዪው እንዴት እንደገጠሙ! የቱ የማን እንደሆነ እንኳ አይለይም። የአንድ ማሕፀን ልጆች ናቸው!

ዮካስታ፦ የቁስሉ ባክቴሪያና ይሄኛው?

ዶን ኤላዲዮ፦ ስንቴ ልንገርሽ!

ዮካስታ፦ ቁስሉ ውስጥ የገባውም ከዚህኛው ቤት ነው ማለት ነው?

ዶን ኤላዲዮ፦ ከሌላ ከየት ሊሆን! ተመስገን፣ ገባሽ። ለመሆኑ ይሄ ጨዋ የማን ነው?

ዮካስታ፦ የክራባትዎ።

[ዶን ኤላዲዮ ወደ ታች አየ። ቀዩ ሐር ክራባቱ ሆዱ ላይ እንደ ሹም ተንጋሎ ተኝቷል።]

ዶን ኤላዲዮ፦ መቼ... መቼ ነክተሽው?

ዮካስታ፦ ትናንት ከምሳ በኋላ ሲያንቀላፉ በጥጥ ጠረግ አደረግሁት። በሽተኛ ሊያዩ ሲያጎነብሱ እሱ ቀድሞዎት ቁስሉ ላይ ጋደም ይላል። ከአንዱ አልጋ ተነሥቶ ደግሞ ወደሚቀጥለው። የኢልፋኒ ጀርም ግን ከቁስሉ ጋር ዝምድና የለውም፣ ጭረቱ የሚለው ይህንን ነው። [በመስኮት] ሾፌር! ሂድ ምሳህን ብላ፣ የምትሄድ የለችም!

ዶን ኤላዲዮ፦ ማን ፈቀደልሽ?

ዮካስታ፦ እርስዎ። «ከሌላ ከየት ሊሆን» አላሉም?

ዶን ኤላዲዮ፦ በግራም ጭረት መኖር አለበት! ተደብቆ ነው! እስክሪብቶ አምጪ!

[እስክሪብቶውን ነጠቃትና የሳህኑ ክዳን ላይ፣ በክራባቱና በቁስሉ መሐል፣ ወፍራም መስመር አሰመረ። ላቡን በክራባቱ ጠረገ።]

ዶን ኤላዲዮ፦ ይኸው! ድንበር!

[ዮካስታ ክዳኑን በአንድ ጣቷ ገፋ አደረገችው። ድንበሩ ክራባቱን አልፎ፣ ኢልፋኒን አልፎ፣ መዞር ጀመረ።]

ዶን ኤላዲዮ፦ አቁሚው!

ዮካስታ፦ የት ላይ፣ ጌታዬ?