ጥበቃው ሂስ ሲጽፍ

[የሕፃናት ማሳደጊያ በር ላይ ያለች ጠባብ የጥበቃ ክፍል። ጥበቃው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ፣ አንድ የታተመ ጽሑፍ አጠገቡ አድርጎ፣ ወረቀት ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ይጽፋል። የድርጅቱ ሹፌር በሩን ተደግፎ ከላይ ወደ ታች ያየዋል። ጥበቃው ማታ ማታ ስለ ልጆች አስተዳደግ ኮርስ ይማራል፤ የቤት ሥራው በጽሑፉ ላይ ሂስ መጻፍ ነው።]

ሹፌሩ፦ ሰርዘው አልኩህ።

ጥበቃው፦ ጋሼ፣ ሰላምታ እኮ ነው። ሰላምታ ይሰረዛል?

ሹፌሩ፦ «ለተከበሩ የጽሑፉ ባለቤት፣ እንደምን ሰንብተዋል» ተብሎ ሂስ አይጀመርም። ሰውየውን ልትተቸው ነው ወይስ ልጁን ልታገባ?

ጥበቃው፦ ታዲያ ሳላውቀው ዘልዬ ልዝለፈው?

ሹፌሩ፦ አዎ። ሂስ ማለት እሱ ነው።

ጥበቃው፦ ምን አድርጎኝ?

ሹፌሩ፦ ጽፏላ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ፤ አንተ ደግሞ ሁለቱንም ሆንክብኝ። ስማ፣ መኪና ከዚህ ሲወጣ የኋላውን ከፍተህ አትፈትሽም? የኔን እንኳ ሳይቀር። በድለንህ ነው?

ጥበቃው፦ ኧረ አይደለም፣ ሥራዬ ሆኖ ነው።

ሹፌሩ፦ ጽሑፍም እንደዚያው ይፈተሻል።

ጥበቃው፦ [አሰብ አድርጎ] እኔ ግን የምፈትሸው ከፍቼ ነው። እርስዎ ይህን ጽሑፍ ገልጠውታል?

ሹፌሩ፦ ርዕሱን አይቻለሁ። «የጎረምሶች ጠባይ»። ለኔ ይበቃኛል፤ ኮሌጅ ሁለት ዓመት የተማርኩ ሰው ነኝ።

ጥበቃው፦ ሦስተኛውንስ?

ሹፌሩ፦ አስተማሪው ቀናብኝ።

ጥበቃው፦ ጋሼ፣ አይቆጡኝ እንጂ፣ ነገሩ አስጨንቆኛል። የኮርሱ መምህር ያለፈውን ሂሴን መልሳብኛለች። «ያነበብከውን ገልብጠህ አመጣህልኝ፤ አንተ በዐይንህ ያየኸው የታለ?» አለችኝ። ዛሬም ከመለሰችው ኮርሱን ወደቅኩ። ከወደቅኩ ደግሞ እንደ በሩ መቃን እዚሁ መቅረቴ ነው። እኔ ውስጥ ገብቼ፣ ከልጆቹ ጋር ነው መሥራት የምፈልገው።

ሹፌሩ፦ እኔ ምን ልሠራ ቆሜያለሁ? በል አንብብ። ሰውየው ምን ይላል?

ጥበቃው፦ [በጣቱ እየተከተለ] «ጎረምሳ... ሰው ሁሉ... እሱን ብቻ... የሚያይ ይመስለዋል።»

ሹፌሩ፦ ተራ ወሬ። ቆይማ። [የመስኮቱን መስታወት እያየ ጸጉሩን ያበጥራል] የጽሕፈት ቤቷ ልጅ መኪናዬን ካቆምኩ ጀምሮ ዐይኗን አልነቀለችም።

ጥበቃው፦ ጀርባዋን እኮ ነው የሰጠችን።

ሹፌሩ፦ ሆን ብላ ነው። ቀጥል።

ጥበቃው፦ «አደጋ ሌላውን እንጂ እሱን የሚያገኘው አይመስለውም።»

ሹፌሩ፦ ይሄም ባዶ ነው። እኔ ቀበቶ አስሬ አላውቅም፤ ምን ሆንኩ?

ጥበቃው፦ ባለፈው የገጩት ግንብ...

ሹፌሩ፦ ግንቡ ነው የገባብኝ።

ጥበቃው፦ ግንቡ?

ሹፌሩ፦ ያለቦታው ነው የተሠራው። [ስልኩ ይጮሃል] አቤት፣ እማዬ... በልቻለሁ። በልቻለሁ አልኩሽ እኮ... አይ፣ ሹራቡን አለብስም። ሰው ፊት ነኝ፣ አታሳፍሪኝ በናትሽ። [ይዘጋዋል] እናት ደግሞ አንዴ የያዘችውን... ጭራሽ አይገባትም። የት ደረስን?

ጥበቃው፦ «ወላጆቼ አይረዱኝም ይላል» የሚለው ጋ።

ሹፌሩ፦ እለፈው፣ አይረባም።

[ጥበቃው አጎንብሶ ይጽፋል።]

ሹፌሩ፦ ምንድን ነው የምትሞነጫጭረው?

ጥበቃው፦ ምንም። እርስዎን እየሰማሁ ነው። ይኸኛው ደግሞ፣ «የሚከራከረው እውነቱን ለማወቅ ሳይሆን ለመርታት ነው» ይላል።

ሹፌሩ፦ አይደለም።

ጥበቃው፦ እኔን ግን ትንሽ እውነት...

ሹፌሩ፦ አይደለም አልኩህ።

ጥበቃው፦ እንዴት?

ሹፌሩ፦ አይደለም ብያለኋ።

[ጥበቃው ቶሎ ቶሎ ይጽፋል። ወረቀቱ ሞላ፤ ገለበጠው።]

ሹፌሩ፦ በል በቃ፣ የጻፍከውን አንብብልኝና ላርምልህ። ካልሆነ ጉድ ትሠራለህ።

ጥበቃው፦ እንጃ ጋሼ፣ ያፈርኩበት ነገር ነው።

ሹፌሩ፦ አንብብ።

ጥበቃው፦ [ጉሮሮውን ጠርጎ፣ እየተንተባተበ] «ጸሐፊው በጣም ለፍተዋል። ያዩት ግን ከሃያ ዓመት በታች ያሉትን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ይህ ጠባይ ይለቃል ይላሉ። ጉድለቱ እዚህ ላይ ነው። እኔ ያልለቀቀው ሰው ዐውቃለሁ። አርባን አልፏል። ሰው ሁሉ ዐይኑን የጣለበት ይመስለዋል። ሲያጠፋ ጥፋቱ የሌላ ነው። እናቱ ስታስብለት ይቆጣል። ሲረታ ያየው ሰው የለም። ልቡ ግን ደግ ነው፤ ሰው ሲቸገር ጥሎ አይሄድም። ስለዚህ ጸሐፊው ትልልቆቹንም ቢጠይቁ ጥሩ ነበር።»

[ሹፌሩ ሆዱን ይዞ ይስቃል።]

ሹፌሩ፦ ዐወቅኩት። አንተ፣ ለካ ዝም ብለህ ሰው ስታጠና ነው የምትውለው። የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ነው አይደል?

ጥበቃው፦ ኧረ እሳቸው አይደሉም...

ሹፌሩ፦ አትደብቀኝ። ቁርጥ እሱን ነው። እናቱን ሳይቀር። እኔ እኮ ሁልጊዜ እላለሁ፣ ይህ ሰውዬ ሸበተ እንጂ አላደገም።

ጥበቃው፦ ጥሩ ነው ማለት ነው?

ሹፌሩ፦ ግሩም ነው። መምህሯ የጠየቀችህ ይህንኑ አይደል? በዐይንህ አይተሃል። ብቻ አንድ ነገር ጎድሎታል፤ ሰውየው ስም የለውም። ስም የሌለው ማስረጃ ታርጋ እንደሌለው መኪና ነው፤ ማንም አያሳልፈውም። ሙሉ ስሙን ጻፈው።

ጥበቃው፦ ቢቀየመኝስ?

ሹፌሩ፦ ምን አባቱ። እውነቱን ነው የጻፍከው።

ጥበቃው፦ ያበሻቅጠኛል ብዬ ፈርቼ እኮ ነው።

ሹፌሩ፦ እኔ እያለሁ? ጻፍ ብዬሃለሁ፣ በኔ ይሁንብህ። ከነአባቱ ጻፈው፣ እንዳይምታታ።

ጥበቃው፦ [እፎይ ብሎ እስክሪብቶውን ያነሳል] እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ። እኔም እንዴት አድርጌ እንደማስፈቅድ ነበር የጨነቀኝ። የርስዎን ስምስ ዐውቀዋለሁ፤ ያባትዎ ማን ነበር?