የድንጋይ ሽበትና የጦጣ ውለታ

ሰው ሥራ ሲፈታ የማይወዳደረውን ያወዳድራል። እኔም ሰሞኑን ጦጣንና የድንጋይ ሽበትን እያወዳደርኩ ነው፤ ያን እርጥብ ድንጋይ ላይ የሚነጠፈውን አረንጓዴ ነገር ማለቴ ነው። አንዱ ከተቀመጠበት አይነሳም፣ ሌላዋ መቀመጥ አታውቅም። አንዱ ደሴን ይመስላል፣ ሌላዋ ኮምቦልቻን። (ኮምቦልቾች እንዳትቀየሙኝ፤ አማቾቼ ናችሁ!) እናንተ ሳቁ፤ እኔ ግን ትዳሬን ያገኘሁት በሁለቱ ነው።

የባለቤቴ የሐያት አባት፣ የኮምቦልቻው ጋሽ ይማም፣ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ መልሰውብኛል። ምክንያታቸው? "ልጄን ለደሴ ብርድ አልድርም!" ጠባዬን ቢነቅፉ አስተካክል ነበር፤ ከጉም ጋር እንዴት ልከራከር? ሦስተኛው ሽምግልና የመጨረሻ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ መለመን ወግም አይደለም።

አጎቴ ሰይድ ሽማግሌዎቹን መርተው ከደሴ፣ ከሰፈራችን ከሆጤ፣ ወደ ኮምቦልቻ ወረዱ። በደንቡ ጠያቂው አብሮ አይሄድም፤ እኔ ግን ልቤ አልችል ብሎ ከአጥሩ ውጭ ባጃጅ ውስጥ ተሸጉጬ በሽንቁር አያለሁ። መቼም ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም። ተቀመጡ ቢባሉም እምቢ ብለው ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ አጠገብ ተገተሩ። ጋሽ ይማም ገና "ብርዱ..." ብለው ሲጀምሩ፣ አንዲት ጦጣ ከጣሪያው ዱብ ብላ የአጎቴን ኮፍያ ላጥ! አጎቴ ያን ሁሉ ግርማ ሞገስ ረስተው ሊከተሏት ሲሉ፣ ቧንቧው ሥር ያለው ሽበት የለበሰ ድንጋይ አንሸራተታቸውና ዘፍ አሉ።

ትዳሬ አብሮ ወደቀ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሰው ሊያነሳቸው ሲሯሯጥ አጎቴ እጃቸውን ሰበሰቡ። "ወላሂ አልነሳም! ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም፤ እኔ ደግሞ ይኸው ተቀምጫለሁ። ነውሩን የሚያነሱልኝ እርስዎ ነዎት" አሏቸው። ጋሽ ይማም ሳቃቸውን ሊውጡ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። እንባቸውን እየጠረጉ "እንግዲህ አላህ ካስቀመጠዎት እኔ ማን ነኝ?" አሉ። ባጃጁ ውስጥ ሆኜ አለቀስኩ፤ አልደብቅም።

ከዚያ ወዲህ ጦጣ ባየሁ ቁጥር ሙዝ እወረውራለሁ፤ ሽበት ያለበትን ድንጋይም አልረግጥም። ውለታን መርሳት ደግ አይደለም። ትናንት ሐያትን፣ ከሁለቱ ይበልጥ ባለውለታችን ማን ነው አልኳት።

"እኔስ ሁለቱንም ተቀይሜያለሁ" አለች። "የብርዱን ሰበብ ለአባቴ ያስጠናሁት እኔ ነበርኩ እኮ! ሦስተኛ ጊዜም እምቢ ብትባል ጓዝህን ጠቅልለህ ኮምቦልቻ ትወርድልኝ ነበር።"

አልሐምዱሊላህ እያልኩ ሁለተኛውን ጋቢ ደረብኩላት።