ሉሊትና የአሕመድኑር መቀስ

በየከተማው፣ ሰው ዕድሜውን ጠግቦ ሞተ ሲባል የማያምን አንድ ሰው አይጠፋም። ለቀስተኛው ሁሉ «ነፍስ ይማር» ብሎ ሲቀመጥ፣ እሱ ወደ ጎረቤቱ ጠጋ ብሎ «ማታ ምን በልተው ነበር?» ይላል። ድስት ሲሰበር፣ ዶሮ ሲጠፋ፣ መብራት ሲሄድ ከጀርባው የሰው እጅ ይታየዋል። በመካነ ሰላም ይህን ሹመት የያዘችው ሉሊት ናት፤ ሃያ አንድ ዓመቷ፣ ጥቁር ሹራብ ከላይዋ የማይወርድ፣ የጆሮ ማዳመጫዋ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ የሚውል።

የምትኖረው ከአክስቷ ከወይዘሮ አልታዬ ጋር ነው። እናቷ ኩዌት ከሄደች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል፤ ስልኩንም ማዳመጫውንም የላከችላት እሷ ናት። ልጅቷ ሒሳብ አያያዝ ተምራ፣ ዲፕሎማዋን ግድግዳ ላይ ሰቅላ ሥራ ትጠብቃለች። እስኪመጣ ድረስ ግን ራሷን በራሷ የሾመችበት ሥራ አለ፤ «ጊታርና ደም» የሚባል የቴሌግራም ገጽ። ሰኞ ሰኞ የምትወዳቸውን የሮክ ባንዶች በደረጃ ትደረድራለች፣ ሐሙስ ሐሙስ የግድያ ልቦለዶችን ትመዝናለች። አራት መቶ የሚሆን ተከታይ አላት፤ እኩሉ የከተማው ልጅ፣ እኩሉ ዓረብ አገር ያሉ የከተማው ልጆች።

ለሁለት ዓመት ያለ ተቀናቃኝ አንደኛ ሆነው የዘለቁት «የዝገት ልጆች» የሚባሉ፣ ስሙን አልታዬ ልትይዘው ያልቻለችው ብርዳም አገር ያሉ አምስት ፀጉራም ሰዎች ናቸው። አልታዬ ዘፈናቸውን መጀመሪያ የሰማች ቀን ዘፋኙን በር ጣቱን የቆረጠው መስሏት ነበር።

«እንዲህ የሚያስጮኸው ምን አግኝቶት ነው?»

«ፍቅረኛው ትታው ነው፣ እቴቴ።»

«እንዲህ የሚጮህባት ከሆነማ ደግ አደረገች» አለችና ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

ከዘፈኑ ይልቅ አልታዬን ያስቸገራት ልቦለዱ ነበር። ልጅቷ መጽሐፉን ስትጨርስ አትጨርሰውም፤ ወደ ግቢው ይዛው ትወጣለች። አምና አንዲት ቄብ ዶሮ በርሜል ውስጥ ሰጥማ ስትገኝ ክብርት መርማሪ ሦስት ተጠርጣሪ ያዘች፤ አንዷ አልታዬ ነበረች።

«የበርሜሉን ክዳን ማን ነው ያነሳው?»

«እኔ። ውሃ ልቀዳ።»

«ስንት ሰዓት ላይ?»

«ሉሊት፣ ዶሮዋን ወስደሽ ቅበሪያት።»

«ማስረጃ አይቀበርም፣ እቴቴ።»

ማስረጃው ሁለት ቀን ውሎ ሸተተና ተቀበረ። የዘጠና ዓመት አዛውንት ያረፉ ጊዜ ደግሞ፣ ሉሊት ድንኳን ውስጥ ተነሥታ መድኃኒታቸውን ይሰጣቸው የነበረው ማን እንደሆነ ልትጠይቅ ስትል አልታዬ ጭኗን ቆንጥጣ አስቀመጠቻት። «አጋጣሚ የሚባል ነገር የለም» ነበር የልጅቷ መልስ፣ የተቆነጠጠችበትን እያሸች።

ይህ ሁሉ የሚያስቅ ነበር፤ አስናቀው እስኪጠፋ ድረስ።

አስናቀው በአልታዬ ግቢ የኋላውን ክፍል የተከራየ የእርሻ ባለሙያ ነው። አርባን ያለፈ፣ ዝምተኛ፣ ወጥቶ መግባቱ የማይሰማ ወንደላጤ። ዓረፋ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ዓርብ ዕለት ከግቢው ወጣ፤ ቅዳሜ አልተመለሰም። ሉሊት ብትደውልለት ስልኩ ጠራ። የጠራው ግን ከውጭ በቁልፍ ከተዘጋው ክፍሉ ውስጥ ነው።

ሉሊት ስልኳን ከጆሮዋ አውርዳ በሩን ቆማ አየችው። አልታዬ ኋላ ስታስበው፣ የዚያን ጊዜ ልጅቷን ይዛ ወደ ቤት ማስገባት ነበረባት።

መሥሪያ ቤቱ ሲጠየቅ፣ ፈቃድ ወስዷል አሉ። «ገዳዩ ፈቃድ እስኪወስድ ነዋ የጠበቀው» አለች ሉሊት። እሑድ ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ዝም አለ። ከበሩ ሥር ደግሞ አንድ ሽታ መምጣት ጀመረ።

ተጠርጣሪም አልጠፋ። ከአጥራቸው ጥግ ላይ ሱቅ ያለው ልብስ ሰፊው አሕመድኑር ከአስናቀው ጋር ከወር በፊት በአንድ ሱሪ ተጨቃጭቀው ነበር። አስናቀው ቁርጭምጭሚቱን እያሳየ «አሳጠርክብኝ፤ አንተ ሰው አንድ ቀን ትገድለኛለህ» ሲል ሉሊት በጆሮዋ ሰምታለች። የዓርብ ዕለትም አሕመድኑር ረዘም ያለ ነገር በጥቁር ላስቲክ ሸፍኖ ወደ አስናቀው ክፍል ሲገባና ባዶ እጁን ሲወጣ በዓይኗ አይታለች።

እሑድ ቀትር ላይ «ጊታርና ደም» ላይ አንድ ጽሑፍ ወጣ፤ «ጥቁሩ መቀስ፣ ክፍል አንድ»። ስም አልጠራችም። አንዲት ደጋ ከተማ፣ አንድ የጠፋ ተከራይ፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚጠራ ስልክ፣ አንድ ረጅም መቀስ ያለው ጎረቤት ብቻ ነው ያለችው። ጽሑፉ ጥሩ ነበር። እስከዚያ ቀን ከጻፈችው ሁሉ ይህን ያህል ሰው አንብቦላት አያውቅም።

መካነ ሰላም ውስጥ ደግሞ ረጅም መቀስ ይዞ ከተከራይ ጎረቤት የሚኖር ሰው አንድ ነው።

አልታዬ ቴሌግራም አታይም። ነገሩን የሰማችው ማክሰኞ ጠዋት ክር ልትገዛ ወደ አሕመድኑር ሱቅ ስትሄድ ነው። ዓረፋ ሲቃረብ ያ ሱቅ መግቢያ አይገኝለትም ነበር፤ የሕፃናት ጀለቢያ፣ የሴቶች ቀሚስ፣ ከዓረብ አገር የተላከ ጨርቅ እስከ ጣሪያ ይቆለላል። አሁን አሕመድኑር እግሩን ከስፌት መኪናው ፔዳል አውርዶ ተቀምጧል። መደርደሪያው ሳስቷል።

«ምነው፣ ሰው የት ሄደ?»

«ኸይር ነው፣ እት አልታዬ። አንዷ ደሴ ላሰፋው ነው አለች። አንዷ ልጁ አድጓልና ጨርቁ አይበቃውም አለች። ትናንት ብቻ አምስት ሰው ጨርቁን ወሰደ።» ስልኩን አውጥቶ ጽሑፉን አሳያት። መነጽር ስላልያዘች እሱ ራሱ አነበበላት፤ ድምፁን ሳይለውጥ፣ የሌላ ሰው ታሪክ እንደሚያነብ።

አልታዬ ክሩን መልሳ አስቀመጠችው።

«አሕመድኑር፣ አስናቀው የት እንዳለ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አትናገርም?»

«አማና ነው። አትንገር ብሎኛል፤ እሺ ብያለሁ። በኸይር ነው የሄደው፣ አታስቢ።»

«ሰው ጨርቁን እየወሰደ?»

«ጨርቅ ይመለሳል» አለ አሕመድኑር።

አልታዬ ወደ ቤት ስትመለስ ሉሊት ክፍል ሁለትን ጀምራ ነበር። አሕመድኑር ያላትን አንድም ሳታስቀር ነገረቻት። ልጅቷ ቀና እንኳ አላለችም።

«ገዳይ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው።»

«ሉሊት፣» አለች አልታዬ፣ ከወትሮው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አንቺ በኩፍኝ የታመምሽ ጊዜ፣ መኪና ጠፍቶ፣ እስከ ጤና ጣቢያው አዝሎ የወሰደሽ እሱ ነው።»

ሉሊት ጣቷ ስልኩ ላይ ቆመ። ግን ጽሑፉ ከእጇ ወጥቶ ነበር፤ ሰው ሁሉ አንብቦታል፣ ሽታውም ብሷል። ረቡዕ ጠዋት የቀበሌው ሰዎች አንድ ፖሊስ ይዘው መጡ። ግማሽ ሰፈር ግቢው ውስጥ ተሰበሰበ። አሕመድኑርም መጥቶ ከአጥሩ ሥር ቆመ፤ ሰው ትንሽ ፈቀቅ አለለት፣ በአክብሮት ግን አልነበረም።

ቁልፉ ተሰበረ። ፖሊሱ አፍንጫውን ይዞ ገባ፣ ቆየት ብሎም አንድ ድስት ይዞ ወጣ። ሟች የምስር ወጥ ሆኖ ተገኘ። ከዓርብ ጀምሮ ሳይከደን የተቀመጠ፣ ፂም ያበቀለ የምስር ወጥ። ስልኩ ከጎኑ ጠረጴዛ ላይ፣ ባትሪው አልቆ።

ሰው ሳቅ ቢጤ ሊጀምረው ሲል የግቢው በር ተከፈተና አስናቀው ገባ። ከደጎሎ ከተማ ከመጣው ሚኒባስ ገና መውረዱ ነው። ልኩ ላይ ቁጭ ያለ ጠቆር ያለ ሙሉ ልብስ ለብሷል፤ ሱሪው ጫማው ላይ አረፍ ብሏል። ሰዉን አየ፣ የተሰበረውን በሩን አየ፣ ድስቱን የያዘውን ፖሊስ አየ።

«ማን ሞተ?» አለ።

ኋላ ራሱ አፍሮ ነገሩን አወጣው። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልኮ ሁለቱንም ጊዜ ወሬ ቀድሞት ነገሩ ፈርሶበታል። የአሁኑ ሦስተኛው ነበር፤ የደጎሎ ልጅ ናት፣ አስተማሪ። ከአሕመድኑር በቀር ለማንም አልነገረም፤ ለእሱም የነገረው ልብሱን የሰፋለትና ዓርብ ዕለት በጥቁር ላስቲክ ሸፍኖ ያመጣለት እሱ ስለሆነ ነው። በጥድፊያ ስልኩንም ረስቶ ሄዷል። ቤተሰቦቿ እሺ ብለዋል።

ሰዉ «እንኳን ደስ አለህ» እያለ ሲከበው አሕመድኑር እጁን ጨብጦት ወደ ሱቁ ተመለሰ። ሉሊት ከአክስቷ ጀርባ ቆማ ፊቷ አመድ መስሏል።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ማንም ሳያዝዛት ተነሥታ ወጣች። አልታዬ ሃምሳ እርምጃ ያህል ራቅ ብላ ተከተለቻት፤ ክር የረሳች መስላ። ሉሊት ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆመች፣ ማዳመጫውን ከአንገቷ አወለቀች።

«ጋሼ አሕመድኑር፣ አፉ ይበሉኝ።»

አሕመድኑር መቀሱን አንሥቶ ከፈተው፣ ዘጋው። «ነዪ እዪው። ይኼ ስለቱ እርስ በርሱ ነው የሚገናኘው። ለጨርቅ እንጂ ለሰው አይሆንም። ስትጽፊ መጠየቅ ነበረብሽ።»

«አዎ።»

«አፉ ብያለሁ። ግን ሰው ክፍል አንድን ነው ያነበበው።»

ሉሊት እዚያው ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ጻፈች። በዚህኛው ስም ጠራች፤ የአሕመድኑርን በክብር፣ የራሷን ያለ ክብር። መቀስ ስለያዘ ሰው የጻፈችው ሐሰት መሆኑን፣ አሕመድኑር የሰው ምስጢር ለመጠበቅ ብሎ ሥራውን እያጣ ዝም እንዳለ፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ ስም ያጠፋች እሷ ብቻ እንደሆነች ጻፈች። ከዚያ ቤት ለቤት ዞራ ጨርቃቸውን የወሰዱትን ሰዎች ለመነች። ከሰባቱ አምስቱ መለሱ። የሁለቱ ልብስ ሌላ ቦታ ተሰፍቶ አልቆ ነበር፤ እነዚያ ሁለት ሴቶች ዛሬም አሕመድኑርን ሲያዩ መንገድ ይቀይራሉ፣ ከእፍረት ነው ይባላል።

ዓረፋ በደኅና አለፈ። የአስናቀው የሠርግ ቀንም ተቆረጠ። ያልዳነው የአልታዬ ቤት ነበር።

ሉሊት ገጹን ዘጋች። ልቦለዶቹን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልላ አልጋዋ ሥር ከተተቻቸው፣ ማዳመጫውን መሳቢያ ውስጥ። እንጀራ ታቀርባለች፣ ዕቃ ታጥባለች፣ ምንም አትጠይቅም። አንድ ቀን ስኳሩ ከጣሳው አልቆ ቢገኝ ማን እንደነካው አልመረመረችም፤ ሄዳ ገዝታ መጣች። አልታዬ ለዘጠኝ ዓመት «ዝም በይ» ስትል የኖረች ሴት፣ ዝምታው እንቅልፍ ነሣት። የፀጉራሞቹ ጩኸት እንኳ ናፈቃት። አንድ ሁለቴ ሆን ብላ የበርሜሉን ክዳን ከፍታ ተወችው። ሉሊት መጥታ ከደነችው፣ ሄደች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ፀሐይ በወጣበት አንድ ቅዳሜ፣ ሉሊት ግቢው ውስጥ ልብስ እያጠበች ሳለ አልታዬ በርጩማ ይዛ ወጣች። ከገበያ የገዛችውን መነጽር አደረገች። ድሮ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ስትቆጥር እንደነበረው ጣቷን መስመሩ ላይ እያስኬደች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ታነብባለች።

«ሉሊት።»

«አቤት።»

«ይቺ ሠራተኛ መስኮቱን የዘጋችው ለምንድን ነው? ዝናብ የለ፣ ንፋስ የለ።»

ሉሊት ቀና ስትል አክስቷ የያዘችውን መጽሐፍ አወቀችው፤ ከአልጋዋ ሥር ካለው ከረጢት የወጣ ነው። እጇ አረፋው ውስጥ እንዳለ ቀረ።

«ስንተኛ ገጽ ደረሱ?»

«ሃያ ሦስት። እኔ ሐኪሙ ነው ባይ ነኝ። ሰው ሲያለቅስ እሱ ሰዓቱን ያያል።»

ሉሊት ከንፈሯን ነከሰች። የገዳዩ ማንነት ሊያመልጣት ደርሶ ዋጠችው፤ ለረጅም ጊዜ ያልታየ ፈገግታም ፊቷ ላይ መጥቶ ጥቂት ቆየ። እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ መጥታም ከአክስቷ እግር ሥር መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ከመጀመሪያው ያንብቡልኝ» አለች።

ሃያ ሦስቱ ገጽ ስንት ቀን እንደፈጀባት አልታዬ አልተናገረችም። የመጽሐፉን ቅጠል አንድ በአንድ መልሳ አንደኛውን ገጽ ገለጠችና ጣቷን የመጀመሪያው ቃል ላይ አሳረፈች።