ሰባት እስኪመጣ ወርውሪ

ጉዴን ቲክቶክ ላይ ከምታዩት እኔው ልንገራችሁ!

ዛሬ መካነ ሰላም ላይ፣ በእህቴ ልጅ ሰርግ፣ አማቾች ፊት፣ በዳይስ ተዋረድኩ። አዎ፣ በዳይስ! በዚህ ዕድሜዬ! አስተግፊሩላህ በሉልኝ።

ገንዘብ የለበትም፣ አትቸኩሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሙሽሪት ወንድም ሰይድ ደቡብ አፍሪካ ካዚኖ ውስጥ ነው የሚሠራው። (እህቴ "ሆቴል ነው" ነው የምትለው፤ እናንተም ሆቴል በሉ።) ከምሳ በኋላ ሁለት ዳይስ ከኪሱ አውጥቶ ለሚዜዎቹ የጨዋታውን ሀሁ ማስተማር ጀመረ።

እኔ ደግሞ ዝም ማለት መች ይሆንልኛል!

"ሂድ ወዲያ! አንተ ሳትወለድ የተማርኩትን ነው? ተሸንፌም አላውቅ!" አልኩት። አማቾቹ ዞረው ሲያዩኝ ጭራሽ ሞቅ አለኝ። "ብሸነፍ ለዚህ ሁሉ እንግዳ የእጅ ውሃ ከቦኖ ተሸክሜ አመጣለሁ!"

ወረወርኩ። ሦስትና አንድ፣ አራት።

"አሁን ሰባት ሳይመጣ አራትን መድገም አለብዎት" አለኝ ሰይድ። ማን ይሰማዋል፣ ሊቅ ነኛ! ደግሜ ወረወርኩ።

ሰባት! እልልልል!

እልል ያልኩት ብቻዬን ነበር።

"አክስቴ፣ ተሸነፉ እኮ።"

"ምን?!"

"በመጀመሪያው ውርወራ ቢሆን ሰባት ያሸንፋል። አራት ካመጡ በኋላ ግን ሰባት ከመጣ አለቀልዎት። ማን ነው እንዲህ ያስተማረዎት?"

ተስፋዬ ነዋ! አብዮቱ ፈንድቶ ተማሪዎች ለዘመቻ ወደ ገጠር ሲላኩ እኛ ሰፈር የመጣ የአዲስ አበባ ልጅ። ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ የወሎው ረሃብም ገና ከቤታችን አልወጣም። ከዳቦው ቆርሶ ሲሰጠኝ እጄን ወደ ኋላ ደበቅኩ። እናቴ ጠኔ እያዞራት እንኳን "ልጄ የሰው እጅ አታይም" የምትል ሴት ነበረች። በዚያ ላይ እሱ እንግዳ ነው። እኛ አገር እንግዳን ያበሉታል እንጂ ዳቦውን ይበሉበታል እንዴ?

በማግስቱ ዳይስ ይዞ መጣ። "ፈረንጆች ካዚኖ ውስጥ የሚጫወቱት ነው። ሰባት ካመጣሽ ዳቦው ያንቺ፣ ከተሸነፍሽ ውሃ ትቀጂልኛለሽ" አለኝ።

"በመጀመሪያው ካልመጣስ?"

"እስኪመጣ ወርውሪ።"

ወረወርኩ፣ ወረወርኩ፣ መጣ! በየቀኑ መጣ! እሱም "ዛሬም ቀናሽ!" እያለ ራሱን ይይዝ ነበር። ዳቦውን ይዤ ወደ እናቴ እበራለሁ። "አሸንፌ ነው" ስላት "ካሸነፍሽውማ ያንቺ ነው" ብላ፣ ቢስሚላህ ብላ ትበላለች። ለተስፋዬ አንድ ቀን ውሃ አልቀዳሁለትም።

ይህን ሁሉ ለሰይድ በኩራት ተረክሁለት። ሳቁን አቆመ።

"አክስቴ፣ ይሄማ መሸነፊያ የለውም" አለኝ ቀስ ብሎ።

ክው አልኩ።

ሰባት እስኪመጣ ተወርውሮ ማን ይሸነፋል ወገኖቼ? ፍየልም ብትወረውር ታሸንፋለች! እኔ ግን "እጄ ዕድለኛ ነው" እያልኩ በየሰርጉ ስፎክር ኖሬያለሁ። ፕሮፋይሌ ላይም "የዳይስ ንግሥት" ብዬ ጽፌ ነበር። አጥፍቼዋለሁ፣ አትፈልጉት።

ቃል ቃል ነው፣ ጀሪካኔን አንጠልጥዬ ቦኖ ወረድኩ። ጉልበቴ ይንቋቋል፣ ሚዜዎቹ ቪዲዮ ይቀርጹኛል፣ እኔ አለቅሳለሁ። ጉልበቴን አሞኝ ነው አልኳቸው። ቪዲዮውን ላይክ ያደረገ ሰው ካለ ግን አልምረውም!

እስቲ እናንተ ብልጦቹ ንገሩኝ። ዳቦውን በየቀኑ እየበላንበት፣ ተስፋዬ ምን በልቶ ነበር የሚያድረው? እኔ እንደሆን አንድ ቀን አልጠየቅሁትም። አሸናፊ ነበርኩ!