እሺ ካልተባሉ የማይቀመጡ ሰው

ቧንቧ የሌለው ሰፈር አይቻለሁ። መብራት የሌለው ሰፈርም አይቻለሁ። ቋሚ ሽማግሌ የሌለው ሰፈር ግን እስከ ዛሬ አላየሁም። ወላይታ ውስጥ ከሃላሌ ቤሌ፣ ከቤሌ ቦዲቲ፣ ከቦዲቲ ሶዶ እየተዛወርኩ ሰባ ሁለት ዓመት ኖሬአለሁ፤ በሄድኩበት ሁሉ ይህ ሰው ቀድሞኝ ደርሶ ነው የማገኘው። ስሙና ባርኔጣው ይለያያል እንጂ ሰውየው አንድ ነው። ሁለት ሰዎች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲያወሩ ከሰማ የጫማውን ክር ሳያስር ይወጣል። ደርሶ ሲሳሳቁ ካገኛቸው ትንሽ ቅር ይለዋል።

የእኛ ሰፈሩ አቶ ደግፌ ይባላሉ። ከእርሻ ጽሕፈት ቤት ዕቃ ክፍል ጡረታ ከወጡ አሥራ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ከሽማግሌነት ጡረታ የሚያወጣቸው ግን አልተገኘም። አንድ ግራጫ ኮት አላቸው። ሦስተኛው ቁልፍ ከሌሎቹ ተለይቶ ቡናማ ነው፤ የሰፋሁላቸው እኔ ስለሆንኩ አውቃለሁ። ለሽምግልና ሲወጡ ኮቱን እስከ አንገታቸው ይቆልፉታል። የሰፈሩ ልጆች ያንን ሲያዩ "ዛሬ ደሞ ማን ተጣላ?" ይባባላሉ።

ለማንኛውም በሽታ መድኃኒታቸው አንድ ነው፤ "ሽማግሌ ይላክ!" የአንዷ ዶሮ በአጥር ሾልካ የሌላዋ ግቢ እንቁላል ጣለች፤ ሽማግሌ ተላከ። ቦዲቲ በሚሄድ አውቶብስ ውስጥ ሁለት ሰዎች በአንድ ወንበር ተጣሉ፤ ክቡር ሽማግሌያችን ካልታረቁ አንነሳም ብለው አውቶብሱን ሃያ ደቂቃ አስቆሙ። ሁለቱ ተቃቅፈው ሲሳሳሙ የቀሩት ሠላሳ ተሳፋሪዎች ከአቶ ደግፌ ጋር ተጣልተው ነበር።

የሽምግልናቸው ሕግ አንዲት ናት፤ የተላከ ሰው እሺ ሳይባል አይቀመጥም። "የተቀመጠ ሽማግሌ እንግዳ ነው" ይላሉ፤ "ሻይ ጠጥቶ ይሸኛል። የቆመ ሽማግሌ ግን በር ላይ እንደተገተረ ጋሪ ነው። ካላነሱት አያሳልፍም።" ባለሱቁ ከድር ወደ ቦዲቲ ሊዛወር አስቦ ዕቃውን መሸከፍ ሲጀምር፣ አቶ ደግፌ ሁለት ሰው አስከትለው የሱቁ በር ላይ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆሙ። ደንበኛ መግቢያ እያጣ ተመለሰ። "ከመክሰር መቅረት ይሻላል ብዬ ቀረሁ ወላሂ" ይላል ከድር እስከ ዛሬ።

ቀኝ ጉልበታቸው ከታመመ ቆይቷል። ሐኪሙ "ሕክምና ያስፈልገዋል፤ መቆም ይቀንሱ" ቢላቸው "ሐኪሙ ልጅ ነው" ብለው መጡ።

እኔ በሰው ፊት መናገር የማልችል ሴት ነኝ። ኮቱ እስከ አንገት ተቆልፎ ሲመጣ ካየሁ ጓሮ ገብቼ ጎዳሬ መኮትኮት እጀምራለሁ። ክረምት ከበጋ ጎዳሬዬ የሚያምረው በአቶ ደግፌ ምክንያት ነው።

ባለፈው ነሐሴ ግን መደበቂያ አጣሁ። የልጄ ልጅ ኢየሩሳሌም፣ እኛ ጄሪ የምንላት፣ ቤልጅየም ውስጥ ጌንት በምትባል ከተማ ሁለተኛ ዲግሪዋን ልትማር ሄዳ ነበር። የተማሪዎች ማደሪያው ክፍል እስከ ኅዳር አይለቀቅም አሏት። ስለዚህ ለሦስት ወር ብቻ የምትከራየው ቤት መፈለግ ጀመረች። እስከ ወሩ መጨረሻ አድራሻ ካላስመዘገበች የመኖሪያ ፈቃዷ አይወጣም፤ ትምህርቱ ይቀርና ትመለሳለች። የቀራት ዘጠኝ ቀን ነው። ሶፍያ የምትባል ያገሯ ልጅ ወለል ላይ ፍራሽ አንጥፋላት ነበር፤ የሶፍያ አከራይ ግን "እንግዳ ከሁለት ሳምንት አይበልጥም" ብለዋል።

እኔ በስልክ "አይዞሽ" እላትና ዘግቼ አለቅሳለሁ። ቀስ ብዬ ነበር። ነገር ግን አቶ ደግፌ የሰው ለቅሶ ሦስት አጥር አልፎ ይሰማቸዋል።

"ምን ሆንሽ እህቴ አስካለች?"

"ምንም። ሽንኩርት ነው።"

"ሽንኩርቱ የታለ? ማን አስቀየመሽ? ስሙን ብቻ ንገሪኝ።"

ነገርኳቸው። እዚያው ቆመው ለጄሪ አስደወሉኝ።

"ደላላ የለም እንዴ ባገሩ?" አሏት።

"ኢንተርኔት ነው አባባ። ማስታወቂያ አይቶ መጻፍ ነው። ትናንት አንድ ክፍል ለማየት ሃያ ሦስት ሰው ደረጃው ላይ ተሰልፈን ነበር።"

"ሃያ ሦስት ሰው! ለቅሶ ነው እንዴ?"

"ደሞ ስለ ራስ ደብዳቤ መጻፍ ግድ ነው።"

"ምን ብለሽ ጻፍሽ?"

"ጸጥተኛ ነኝ፣ ንጹሕ ነኝ፣ አላጨስም፣ ሰው አከብራለሁ ብዬ።"

አቶ ደግፌ እንደተወጋ ሰው ስልኩን ከጆሯቸው አራቁት። "ራሷን በራሷ? ንጹሕ ነኝ ብላ? እህቴ፣ ይቺ ልጅ ሰው የላትም ብለው ነው እኮ የሚያስቡት! ሰው ያለው ዝም ይላል፤ ሰው ይናገርለታል።"

ጄሪ ካየቻቸው ሁሉ የወደደችው ወይዘሮ ሪታ የሚባሉ የሰባ ስምንት ዓመት ባልቴት ቤት ውስጥ ያለች አንዲት ክፍል ነበረች። ሴትዮዋ ሻይ ሰጥተው ሸኟት፤ ማታ ግን መልእክት ላኩባት፤ "ጥሩ ልጅ ትመስያለሽ። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ የማላውቀውን ሰው ቤቴ ማስገባት እፈራለሁ።"

እኔ ይህን ስሰማ ተስፋ ቆረጥኩ። አቶ ደግፌ ግን ፊታቸው በራ።

"ትክክል ናቸው! የማያውቁትን ማን ያስገባል? እሳቸው አያውቋትም፤ እኛ እናውቃታለን። ሽማግሌ ይላክ!"

"አባባ፣ ያለሁት ቤልጅየም ነው" አለች ጄሪ።

"ስልኩ ይደርስ የለ? ሽማግሌ በበቅሎም ሄዷል፣ በአውቶብስም ሄዷል።"

ጄሪ በሀፍረት ልትሞት ምንም አልቀራት፤ ሌላ መንገድ ስላጣች ግን ወይዘሮ ሪታን አሥር ደቂቃ ለመነቻቸው፤ እሳቸውም ፈቀዱ።

ሽማግሌ ሦስት መሆን አለበት። አንደኛው እሳቸው ናቸው። ሁለተኛው ከድር ሆነ፤ ሰፈሩ ውስጥ ኢንተርኔት ደህና የሚይዘው እሱ ሱቅ ውስጥ፣ ከስኳር ከረጢቱ አጠገብ ነው። ሦስተኛው የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ አቶ ይስሐቅ ነበሩ፤ በዋዜማው ቤሌ ለቅሶ ሄዱ። አቶ ደግፌ ወደ እኔ ዞሩ።

"እኔ? ሴት ሽማግሌ?"

"አከራይዋም ሴት ናቸው።"

"ምን እላለሁ?"

"ምንም አትበይ። ቁሚ።"

መቆም እንኳ አያቅተኝም ብዬ ሄድኩ።

ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ከድር ስልኩን በወተት ዱቄት ጣሳ ላይ አስደገፈው፤ ሦስታችንም እንድንታይ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን ቆምን። ከኋላችን የሳሙና ካርቶንና የተንጠለጠሉ የፕላስቲክ ጫማዎች አሉ። ከድር ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይሸታል። ወይዘሮ ሪታ ብቅ አሉ፤ አጭር ነጭ ፀጉር፣ በክር የታሰረ መነጽር፣ አረንጓዴ ሹራብ። ከኋላቸው መስኮትና ነጭ መጋረጃ ይታያል። ጄሪ አጠገባቸው ልታስተረጉም ቁጭ ብላለች።

አቶ ደግፌ ባርኔጣቸውን አወለቁና፣ ቤልጅየም ሩቅ ስለሆነች፣ ጮክ ብለው "ቤት ለእምቦሳ!" አሉ።

ጄሪ አንዴ ወይዘሮ ሪታን፣ አንዴ ስልኩን አየች።

"ተርጉሚ እንጂ ልጄ!"

ተረጎመች። ወይዘሮ ሪታ ግንባራቸውን ቋጠር አድርገው አንድ ነገር ተናገሩ።

"ምን አሉ?"

"ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ጥጃ አይወጣም አሉ። ውሉም ላይ እንስሳ ክልክል ነው።"

"ምርቃት ነው በያቸው! ጥጃውን ይተዉና ምርቃቱን ይውሰዱ!"

ከዚያ ምስክርነት ሆነ። "ይቺን ልጅ ከተወለደች ጀምሮ አውቃታለሁ" አሉ አቶ ደግፌ። "ማንንም አስቀይማ አታውቅም። ከአንድ አውራ ዶሮ ጋር ብቻ ተጣልታለች። ጉዳዩን ያየሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የዶሮው ነበር።"

ከድር ጉሮሮውን ጠረገ። "ወላሂ እኔም ልመስክር። የሰባት ዓመት ልጅ ሆና በስህተት ሁለት ሳሙና ሰጠኋት። አንዱን በዚያ ዝናብ ይዛ ተመለሰች። ሲደርስ አረፋ ሆኗል፤ ግን ደርሷል።"

ወይዘሮ ሪታ ሳቁ። ቀጥለውም "እባካችሁ ተቀመጡ" አሉን።

"አንቀመጥም" አሉ አቶ ደግፌ። "የሚያስቀምጠን የእርስዎ ቃል ነው።"

"ወንበር የላቸውም እንዴ?" ብለው ወይዘሮ ሪታ ጄሪን ጠየቁ። ከድር ይህን ሲሰማ ከፋው። "አለን እንጂ!" ብሎ ስልኩን አዙሮ አራት የለስላሳ ሳጥን አሳያቸው።

ጄሪ ሕጉን አስረዳቻቸው። "እሺ እስክል ድረስ?" አሉ። አዎ አለቻቸው። "እምቢ ብልስ?"

"አንድ ጊዜ ስድስት ሰዓት ሙሉ ቆመዋል" አለች ጄሪ።

"እኔ ሱቅ በር ላይ!" አለ ከድር፣ ደረቱን እየመታ።

በዚህ መሃል ኔትወርኩ ቀጥ አለ። ጄሪ ኋላ እንደነገረችኝ፣ እዚያ ስልኩ ላይ የሚታየው አቶ ደግፌ እጃቸውን ወደ ላይ እንደዘረጉ፣ ዓይናቸው ሳይርገበገብ፣ አራት ደቂቃ ሙሉ ንቅንቅ ሳይሉ ነው። ወይዘሮ ሪታ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። "ሰውየው በሕይወት አሉ?" ብለው ጠየቁ። እውነቱን ለመናገር፣ እዚህ አቶ ደግፌ መደርደሪያውን ተደግፈው ጉልበታቸውን እያሹ ነበር። ከድር "ኔትወርኩ እስኪመጣ እንቀመጥ እንዴ ጋሼ?" አላቸው። "እግዜር ያያል" ብለው እምቢ አሉ። መደገፍ ግን በሕጉ አልተከለከለም።

መስመሩ ሲመለስ ወይዘሮ ሪታ ወደ እኔ አመለከቱ። "እኚህ ሴትዮስ ለምን አይናገሩም?"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ደነገጥኩ። አፌ ሲከፈት ዓይኔ ያየውን ብቻ አወጣ። "መጋረጃዎ በግራ በኩል ቅምቅማቱ ተተርትሯል" አልኩ። "ጄሪ መርፌ ትችላለች፤ እኔ ነኝ ያስተማርኳት። ትሰፋልዎታለች።"

አቶ ደግፌ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ። ለልመና ሄዶ የሰው ቤት ጉድለት ማንሳት ነውር ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ወይዘሮ ሪታ ዞረው መጋረጃውን አዩት። ብዙ አዩት። "ባለቤቴ ከሞተ ጀምሮ እንደዚሁ ነው" አሉ። ከዚያ ወደ ስልኩ ተመልሰው የአቶ ደግፌን እግር አዩ፤ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ይንቀጠቀጣል።

"ሦስት ወር" አሉ። "ሦስት ወር ብቻ። አሁን እባካችሁ እኚህን ሰው አስቀምጧቸው።"

አቶ ደግፌ አልተቀመጡም። "እሺ ብለዋል? ቃል በቃል?"

"ብለዋል አባባ! ብለዋል!" ጄሪ እያለቀሰች ነው።

የለስላሳ ሳጥኑ ላይ ዘፍ አሉ። እኔ እልል ለማለት አፍሬ ነበር፤ ጠርሙሶቹ እልል አሉልኝ።

ጄሪ በሦስተኛው ቀን ገባች፤ በአምስተኛው አድራሻዋን አስመዘገበች። አቶ ደግፌ ግን ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ መነሳት አቃታቸው። ሐኪሙ ጉልበታቸው ሆስፒታል መታየት አለበት ቢላቸው "ሆስፒታል የገባ ሽማግሌን ማን ይልከዋል?" ብለው ቤታቸው ተቀመጡ። ዘመን መለወጫችን ጊፋታ ደረሰ። ግራጫው ኮት መንገድ ላይ አልታየም። ሁለት ጎረቤታሞች በቦይ ውኃ ተኮራርፈው ሁለት ሳምንት ሞላቸው፤ የሚያስታርቅ የለም። እኔም ጓሮዬ ገብቼ ልኮተኩት ስል የምደበቀው ሰው የለም። ያለ አቶ ደግፌ ጎዳሬው ጎዳሬ ብቻ ሆነብኝ።

ከድር ሱቅ ሄድኩ። "ሽማግሌ ይላክ" አልኩት።

የስኳር መስፈሪያው ከእጁ ወደቀ። "እትዬ አስካለች? በማን ላይ?"

"በአቶ ደግፌ ላይ።"

ለጄሪ ደውዬ ሦስተኛ ሰው ስለማግኘት ስናወራ፣ ወይዘሮ ሪታ ነገሩን ጠይቀው ተረዱ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው መፈለግ አላስፈለገም።

አቶ ደግፌ በራቸው ላይ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። "ኑ፣ ተቀመጡ" ሊሉ ጀምረው ዓይናቸው ፊታችን ላይ ሲያርፍ ገባቸው። አፋቸውን ያዙ።

"አንቀመጥም" አልኩ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ፤ ግን ወጣ። "ነገ ሆስፒታል ይሄዳሉ።"

"ሕጉን ያስተማርኳችሁ እኔ ነኝ" አሉ ተቆጥተው። "በኔ ላይ አይሠራም። አልሄድም።"

ቆምን። ከድር ቆመ፤ እኔ ቆምኩ። ስልኩን ወደ እሳቸው አዞርኩት። ወይዘሮ ሪታ ከመስኮታቸው አጠገብ ቀጥ ብለው ቆመዋል። መጋረጃው በሁለቱም በኩል ተስተካክሏል፤ የጄሪ ስፌት ሩቅም ሆኖ ያስታውቃል።

"እኚህም ቆመዋል?" አሉ አቶ ደግፌ። "ከመቼ ጀምሮ?"

"ከግማሽ ሰዓት በፊት አባባ" አለች ጄሪ። "ይቀመጡ ብላቸው እምቢ አሉ።"

ወይዘሮ ሪታ ጎንበስ ብለው፣ እያንዳንዱን ፊደል እንደ ትኩስ ድንች እያገላበጡ፣ "ቤት ለእምቦሳ" አሉ።

"እምቦሳ እሰሩ!" አሉ አቶ ደግፌ፣ ሳያስቡት። ከዚያ ሳቁ፤ ሲስቁ ዓይናቸውን በኮታቸው እጅጌ ጠረጉ። "በቃ፤ እሄዳለሁ። አሁን ሴትዮዋን አስቀምጧቸው፤ በዚህ ዕድሜ ይቆማል እንዴ?"

ጄሪ ተረጎመች። ወይዘሮ ሪታ ግን አልተቀመጡም።

"እሺ ብለዋል ወይ፣ ቃል በቃል? እያሉ ነው" አለችኝ ጄሪ።

"ብለዋል!" አልኩ ጮክ ብዬ፤ ቤልጅየም ሩቅ ስለሆነች።